የዳታ ማዕከል ማቀዝቀዣና የኃይል ሥርጭት በድሬዳዋ

የዳታ ማዕከል ማቀዝቀዣና የኃይል ሥርጭት ሰርቨሮች፣ የመረጃ ማከማቻዎችና የኔትወርክ መሣሪያዎች የሚያመነጩትን ሙቀት የማስወገድና ለእነዚሁ መሣሪያዎች ያልተቋረጠ ኤሌክትሪክ የማድረስ ሥራ ነው። ሰርቨር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው አይታዩም። በሕንፃው ውስጥ ባለው የኃይል መስመር ላይ የሚባክነው ኤሌክትሪክም ሙቀት ሆኖ የማቀዝቀዣውን ሸክም ይጨምራል።

በድሬዳዋ ጉዳዩ ከአዲስ አበባ የተለየ መልክ አለው። ከተማዋ ሞቃትና ደረቅ ናት፤ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃም ማዕድን የበዛበት ነው። ስለዚህ በደጋው ከተማ የሚሠራ ዘዴ እንዳለ ተወስዶ አይሠራባትም። በድሬዳዋ የሰርቨር ክፍል የሚያስተዳድር ተቋም ሁሉ ኤሌክትሪክን፣ ውሃንና ናፍጣን እያነጻጸረ መምረጥ አለበት።

## የኃይል ብቃት መለኪያ

የዳታ ማዕከል የኃይል አጠቃቀም በብዛት የሚለካው በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ ፒ.ዩ.ኢ. በሚባለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ማዕከሉ በጠቅላላ የወሰደው ኃይል ለኮምፒውተር መሣሪያዎቹ ለደረሰው ኃይል ሲካፈል ነው። ፍጹም የሆነ ማዕከል 1.0 ይሆናል፤ 2.0 ማለት ግን ለሰርቨሮቹ ከሚደርሰው ጋር እኩል የሆነ ኃይል ለማቀዝቀዣ፣ ለብክነትና ለመብራት ይውላል ማለት ነው።

መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋወቀው ዘ ግሪን ግሪድ የተባለው የኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። አፕታይም ኢንስቲትዩት በሚያካሂዳቸው የዳሰሳ ጥናቶች መሠረት የዓለም አማካይ እ.ኤ.አ. በ2007 ከነበረበት 2.5 ገደማ በቅርብ ዓመታት ወደ 1.6 አካባቢ ወርዷል። ጉግል በትልልቅ ማዕከላቱ 1.1 ገደማ ይደርሳል።

የልዩነቱን መጠን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሰርቨሮቹ ያለማቋረጥ 100 ኪሎ ዋት የሚወስዱ ከሆነ በዓመት 876,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። የክፍሉ ፒ.ዩ.ኢ. 2.0 ከሆነ ጠቅላላ ፍጆታው 1,752,000፣ 1.5 ከሆነ ደግሞ 1,314,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱ 438,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን ሰርቨሮቹ የሚሠሩት ሥራ ግን በሁለቱም አንድ ነው።

ፒ.ዩ.ኢ. ውሃን አይቆጥርም። ውሃ በማትነን የሚያቀዘቅዝ ማዕከል በዚህ መለኪያ ዝቅተኛ ቁጥር እያስመዘገበ ብዙ ውሃ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ሊትር ውሃ እንደዋለ የሚያሳይ ሌላ መለኪያ አብሮ ይወሰዳል። ውሃ ውድ በሆነባት ድሬዳዋ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው።

## የድሬዳዋ የአየር ንብረትና ከፍታ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 25 ዲግሪ ሴልሲየስ ይጠጋል። በግንቦትና በሰኔ የቀን ከፍተኛው ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ደግሞ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። አየሩ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው።

ከጎረቤቶቿ ጋር ሲነጻጸር ከተማዋ መካከለኛ ቦታ ትይዛለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት አዲስ አበባ በተፈጥሮ ቀዝቃዛ በመሆኗ የውጭ አየር ብቻውን ብዙ ይረዳታል። ጅቡቲ ሞቃትም እርጥብም ስለሆነች በባሕሩ ዳርቻ በትነት ማቀዝቀዝ ብዙ ውጤት የለውም። ድሬዳዋ ግን ሞቃት ብትሆንም ደረቅ ናት፤ ይህ ደረቅነቷ ለማቀዝቀዝ የሚያገለግል ሀብት ነው።

ከፍታው የራሱ ውጤት አለው። በ1,200 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ሳሳ ያለ በመሆኑ ተመሳሳይ ሙቀት ለማስወገድ ማራገቢያዎች 15 ከመቶ ያህል ተጨማሪ አየር መግፋት አለባቸው። ለምሳሌ 10 ኪሎ ዋት የሚወስድ አንድ የሰርቨር መደርደሪያ፣ አየሩ ሲገባና ሲወጣ ያለው የሙቀት ልዩነት 12 ዲግሪ ቢሆን፣ በድሬዳዋ በሰዓት 2,900 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። የናፍጣ ጄኔሬተርም በሳሳና በሞቃት አየር ሲሠራ ከተጻፈበት አቅም በታች ይሰጣል። ስለዚህ ጄኔሬተር ሲገዛ በባሕር ወለል የተለካውን ቁጥር ብቻ ማየት አይበቃም።

## የሰርቨር ክፍል ምን ያህል መቀዝቀዝ አለበት?

በብዙ የሰርቨር ክፍሎች ኤሲው በ18 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ቀንና ሌሊት ይሠራል። መሣሪያዎቹ ግን ይህን ያህል ቅዝቃዜ አይጠይቁም። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ወደ ሰርቨር የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። ኤ2 በሚባለው ምድብ ያሉ መሣሪያዎች ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል። ከ900 ሜትር በላይ ግን ለየ300 ሜትሩ ከላይኛው ወሰን አንድ ዲግሪ ይቀነሳል፤ ለድሬዳዋ ይህ ወሰኑን ወደ 34 ዲግሪ ያወርደዋል።

እዚህ ላይ የሚለካው ወደ ሰርቨሩ ፊት የሚገባው አየር እንጂ የክፍሉ አማካይ ሙቀት አይደለም። ከመደርደሪያው ጀርባ 38 ዲግሪ መገኘቱ በራሱ ችግር አይደለም፤ ሙቀቱ በትክክል እየወጣ መሆኑን ያሳያል።

## የማቀዝቀዣ ዘዴዎች

### ሙቅና ቀዝቃዛ አየርን መለየት

ከሁሉ በፊት የሚመጣውና በጣም ርካሹ ዘዴ ይህ ነው። መደርደሪያዎቹ ፊት ለፊትና ጀርባ ለጀርባ ይደረደራሉ፤ አንዱ መተላለፊያ ቀዝቃዛ አየር ብቻ፣ ቀጣዩ ሙቅ አየር ብቻ ይይዛል። በመደርደሪያው ላይ ያሉ ባዶ ቦታዎች በሰሌዳ ይደፈናሉ፣ የኬብል ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። መተላለፊያው በበርና በጣሪያ ሲከለል ደግሞ ሙቁ አየር ተመልሶ ከቀዝቃዛው ጋር መቀላቀሉ ይቀራል። ይህ ሳይደረግ ትልቅ ኤሲ መግዛት ክዳን የሌለው ማሰሮ ላይ እሳት እንደመጨመር ነው።

መለየቱ ከተሠራ በኋላ የማራገቢያዎችን ፍጥነት መቀነስ ይቻላል። ማራገቢያ የሚወስደው ኃይል ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር እጅግ ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ወደ 80 ከመቶ ሲወርድ የኃይል ፍጆታው ወደ ግማሽ ይወርዳል።

### የውጭ አየርን መጠቀም

የገቢው አየር ወሰን 27 ዲግሪ ከሆነ በድሬዳዋ የዓመቱ አብዛኞቹ ሌሊቶችና የበጋ ወራት ጠዋቶች ያለ ኮምፕሬሰር ማቀዝቀዝ ያስችላሉ። እንቅፋቱ አቧራ ነው። የከተማዋ ነፋስ ደቃቅ አሸዋና አቧራ ስለሚያነሳ የውጭ አየር በጥሩ ማጣሪያ ማለፍ አለበት፤ የተደፈነ ማጣሪያ ደግሞ የማራገቢያውን ፍጆታ ይጨምራል። አቧራውን ለማስቀረት የውጭው አየር ወደ ክፍሉ ሳይገባ ሙቀት ብቻ የሚያስተላልፍ መለዋወጫ መጠቀም ይቻላል።

### በትነት ማቀዝቀዝ

በእንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ቀዳዳዎች ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ቆላ የሚጓዝ ሰው ኮዳውን በረጠበ ጨርቅ የሚጠቀልለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የትነት ማቀዝቀዣ ይህንኑ በትልቁ ይሠራል፤ ደረቅ አየር ውሃ በሚፈስበት ወፍራም መረብ ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል።

የውጭው አየር 35 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 25 ከመቶ ሲሆን በእርጥብ ቴርሞሜትር የሚለካው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ብቃቱ 85 ከመቶ የሆነ የትነት መሣሪያ ይህን አየር ወደ 22 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል። ነገር ግን አየሩ በጣም እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሰርቨሮቹ ከመንፋት ይልቅ እርጥቡ አየር በሙቀት መለዋወጫ በኩል የክፍሉን ደረቅ አየር እንዲያቀዘቅዝ ማድረግ ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲመጣና እርጥበቱ ሲጨምር የዘዴው ጉልበት ይቀንሳል።

### ኮምፕሬሰር ያለው ማቀዝቀዣ

የተለመደው ኤሲ በየትኛውም የአየር ሁኔታ ይሠራል፤ ዋጋው ግን በኤሌክትሪክ ይከፈላል። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ መሣሪያ ሦስት ኪሎ ዋት ሙቀት ለማስወገድ አንድ ኪሎ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ውጭው እየሞቀ ሲሄድ ይህ ጥምርታ ይበላሻል። የውጭው ክፍል ፀሐይ በሚመታው የብሎኬት ግድግዳ ላይ ወይም አየር በማይዘዋወርበት ጠባብ ቦታ ከተሰቀለ የራሱን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል። ጥላ ማበጀት፣ ርቀት መጠበቅና አቧራውን በየጊዜው ማጠብ ቀላል ነገር ቢመስልም በሰኔ ሙቀት ልዩነት ያመጣል።

### በፈሳሽ ማቀዝቀዝ

ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያገለግሉ መደርደሪያዎች እያንዳንዳቸው በአሥር ኪሎ ዋቶች የሚቆጠር ኃይል ስለሚወስዱ በአየር ብቻ ማቀዝቀዝ ያስቸግራል። በእነዚህ ውስጥ ፈሳሽ በቱቦ እስከ ቺፑ ድረስ ይሄዳል። ፈሳሹ ሞቅ ብሎም ማቀዝቀዝ ስለሚችል ሙቀቱን በሞቃት አገርም ያለ ኮምፕሬሰር፣ በውጭ ራዲያተር ብቻ ማስወገድ ይቻላል።

## ውሃ ወይስ ኤሌክትሪክ?

አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት በትነት ለማስወገድ 1.5 ሊትር ያህል ውሃ መትነን አለበት። 100 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ የሰርቨር ክፍል ሙሉ ቀን በትነት ብቻ ቢቀዘቅዝ በቀን 3,500 ሊትር ገደማ ያተናል።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ድሬዳዋ የምትጠጣው በአብዛኛው ከሳቢያን አካባቢ ጉድጓዶችና ከመሳሰሉት የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በአካባቢው ያለው የኖራ ድንጋይ ውሃውን ጠንካራ ያደርገዋል፤ በማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክሩ ነው። ውሃው ሲተን ማዕድኑ ወደኋላ ይቀራል፣ መረቡንና አፍንጫዎቹን ይደፍናል። ይህን ለመከላከል ከገንዳው ውሃ በየጊዜው እየተለቀቀ በአዲስ ይተካል። ማዕድኑ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ከመሆኑ በፊት ውሃው የሚቀየር ከሆነ ጠቅላላ ፍጆታው በቀን ወደ 5,300 ሊትር ያድጋል። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ ይህ ከ100 ሰው በላይ የሚበቃ ውሃ ነው።

በሌላ በኩል ያው ሙቀት በኮምፕሬሰር ቢወገድ በቀን 800 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ምርጫው እንግዲህ በ800 ኪሎ ዋት ሰዓትና በ5,300 ሊትር መካከል ነው። በተግባር የሚመከረው ቅልቅል አሠራር ነው፤ ሌሊትና በበጋ የውጭ አየር፣ በሞቃት ቀናት ጥቂት ሰዓታት ትነት፣ እርጥበት ሲጨምር ወይም ውሃ ሲቋረጥ ኮምፕሬሰር። የሕንፃውን የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ለትነት መሣሪያ ልዩ ጥቅም አለው፤ የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ቅርፊት አይተውም።

## የኃይል ሥርጭት

### ከመስመር እስከ መደርደሪያ

በኢትዮጵያ ኃይል የማመንጨትና በከፍተኛ ቮልቴጅ የማስተላለፍ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኞች የማከፋፈል ሥራ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 ከመቶ በላይ ከውሃ ኃይል ይመነጫል። ድሬዳዋ በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ከብሔራዊው መረብ ጋር የተገናኘች ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው ወደ ጅቡቲ ኃይል የሚልከው መስመርም ከዚሁ ይነሳል። በከተማ ውስጥ ኃይሉ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት ይሠራጭና በትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ በማብሪያ ሰሌዳ፣ በዩፒኤስ፣ በማከፋፈያ ሳጥንና በኬብሎች አልፎ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። በየደረጃው የሚባክነው ይባዛል። ትራንስፎርመሩ 98.5፣ ዩፒኤሱ 94፣ ማከፋፈያውና ኬብሉ 97 ከመቶ ብቃት ቢኖራቸው ለሰርቨሩ የሚደርሰው 90 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። እነዚሁ ወደ 99፣ 97 እና 99 ቢሻሻሉ የሚደርሰው 95 ከመቶ ይሆናል። በሕንፃው ውስጥ የቀረው ብክነት ሙቀት ስለሆነ ቁጠባው በኤሲው ላይም ይታያል።

በኬብል ላይ የሚባክነው ኃይል ከኤሌክትሪክ ፍሰቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ትራንስፎርመሩን ወደ ጭነቱ ማቅረብ፣ ለመደርደሪያዎች ሦስት ፌዝ ማድረስና ጭነቱን በሦስቱ ፌዞች እኩል ማከፋፈል ብክነቱን ይቀንሳሉ። ሁሉም ሰርቨሮች በአንድ ፌዝ ላይ ሲሰኩ ኬብሉና ብሬከሩ ከልክ በላይ ይሞቃሉ።

### ዩፒኤስና መጠባበቂያ

ዩፒኤስ ብቃቱ ከፍ የሚለው ተገቢ ጭነት ሲኖረው ነው፤ በአቅሙ 20 ከመቶ ብቻ ሲሠራ የሚያባክነው ድርሻ ያድጋል። ሙሉ ጥንድ መጠባበቂያ ያለው ማዕከል እያንዳንዱ ዩፒኤስ በደህና ጊዜ ከግማሽ በታች እንዲሠራ ያስገድዳል። ለአነስተኛ ተቋም አንድ ተጨማሪ ክፍል ብቻ የሚይዝና እንደ ጭነቱ እያደገ የሚሄድ ተገጣጣሚ ዩፒኤስ ይቀላል።

የባትሪ ጉዳይ በድሬዳዋ ልዩ ትኩረት ይሻል። የተዘጋ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ኤሲ በሌለው ጓዳ በ35 ዲግሪ የሚቀመጥ የአሥር ዓመት ባትሪ አምስት ዓመት ገደማ ይቆያል ማለት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ባትሪ በብር ሲታሰብ ዋጋው በጣም ጨምሯል። ሊትየም ባትሪ ሙቀትን በተሻለ ይችላል፤ ሲገዛ ግን ይወደዳል፣ የእሳት መከላከያውም በጥንቃቄ መሠራት አለበት።

### ጄኔሬተር

መስመር ሲቋረጥ የማቀዝቀዣው ብቃት በናፍጣ ይተረጎማል። ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል። 100 ኪሎ ዋት ሰርቨር ያለው ክፍል ፒ.ዩ.ኢ. 2.0 ከሆነ በሰዓት 60 ሊትር ገደማ፣ 1.5 ከሆነ 45 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። አንድ በርሜል ናፍጣ በመጀመሪያው ከሦስት ሰዓት ተኩል በታች፣ በሁለተኛው ደግሞ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ያቆያል።

ኤሲውም በመጠባበቂያው ሥር መግባት አለበት። ዩፒኤሱ ሰርቨሮቹን ብቻ ይዞ ኤሲው ከጠፋ የተዘጋ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ከወሰን በላይ ይሞቃል፤ ሰርቨሮቹ መብራት እያላቸው በሙቀት ይጠፋሉ። ቢያንስ ማራገቢያዎቹን በዩፒኤስ ላይ ማድረግ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጊዜ ይገዛል።

## የኢትዮጵያ ዳታ ማዕከላትና የድሬዳዋ ድርሻ

በኢትዮጵያ የንግድ ዳታ ማዕከላት የተሰባሰቡት በአዲስ አበባ ነው፤ ራክሲዮና ዊንጉ አፍሪካ በአይሲቲ ፓርክ ማዕከላት ከፍተዋል። ድሬዳዋ በቴሌኮም ታሪክ የራሷ ቦታ አላት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ የከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ነው። በዚያው ወር የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቋል። ባንኮች፣ የቴሌኮም ጣቢያዎችና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት በሰርቨርና በኔትወርክ መሣሪያ ይሠራሉ።

ለወደፊቱ የከተማዋ ጥቅም ያለው በመስመሩ ላይ ነው። ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩ የመሠረታት ከተማ ዛሬም በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ትገኛለች። ጅቡቲ ደግሞ በርካታ የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ኬብሎች የሚያርፉባት ወደብ ናት።

የኤሌክትሪክ ዋጋም የቁጠባን ጉዳይ አጣዳፊ አድርጎታል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። ቀድሞ በርካሽ ኤሌክትሪክ የተሸፈነ ብክነት በየሩብ ዓመቱ በሒሳብ ላይ እየታየ ይሄዳል።

## የቦታና የሕንፃ ምርጫ

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ አደጋው ይረሳል። የሰርቨር ክፍል፣ ትራንስፎርመርና ጄኔሬተር ከወንዙ ዳርቻና ከምድር ቤት መራቅ አለባቸው፤ ዝናቡ በከተማዋ ባይዘንብም ከሐረርጌ ደጋ ጎርፍ ይወርዳል።

በሕንፃ ረገድ የከዚራ ሰፈር አሮጌ ቤቶች ትምህርት ይሰጣሉ፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በረንዳና የዛፍ ጥላ የቀኑን ሙቀት ከቤት ያርቃሉ። የሰርቨር ክፍል ከምዕራብ ፀሐይ ርቆ፣ መስኮት ሳይኖረው፣ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚከላከል ኮርኒስ ኖሮት ሲሠራ ኤሲው የሚታገለው ከሰርቨሮቹ ሙቀት ጋር ብቻ ይሆናል።

## ለአነስተኛ የሰርቨር ክፍሎች

በከተማዋ አብዛኛው ቁጠባ የሚገኘው ከግዙፍ ማዕከል ሳይሆን ከእነዚህ ክፍሎች ነው። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ነው፦

* በዩፒኤሱ መውጫና በክፍሉ ዋና መግቢያ ላይ ቆጣሪ መትከል፣ በየወሩም ሁለቱን ማካፈል፤
* ሥራ የሌላቸውን አሮጌ ሰርቨሮች ማጥፋትና ብዙ አነስተኛ ሥራዎችን በአንድ ማሽን ላይ ማሰባሰብ፤
* ባዶ ቦታዎችን መድፈንና ሙቁን አየር ከቀዝቃዛው መለየት፤
* በሰርቨሮቹ ፊት ቴርሞሜትር አስቀምጦ የኤሲውን ሙቀት በየሳምንቱ በአንድ ዲግሪ እየጨመሩ ወደ 25 ማድረስ፤
* ባትሪዎቹን ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ማዛወር፤
* ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ አዲስ ማቀዝቀዣ ስለመግዛት ማሰብ።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከቆጣሪና ከቴርሞሜትር ሌላ የሚገዛ ብዙ ነገር አይፈልጉም።